ሽፍታው ቂጥኝ ይሆን? የሁለተኛ ደረጃ ቂጥኝን የቆዳ ምልክቶች በጊዜ ለመጠርጠር

መዳፍዎ ላይ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጥተዋል እንበል። አያሳክኩም፣ አያሙም። ሥራዎ ጽዳት ከሆነ ኬሚካሉን ይጠረጥራሉ፤ ወጥ ቤት ከሆነ ሳሙናውን። ቅባት ይገዛሉ፣ ጓንት ይቀይራሉ። ከወር በኋላ ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ ጓንቱ የፈወሰዎት ይመስልዎታል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ቂጥኝ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ልክ እንደዚህ ነው። ሳይታከም ከቆዳ ይጠፋል፤ ከሰውነት ግን አይወጣም።

እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ ለአገሬ ልጆች ሐኪም ዘንድ ሳስተረጉም አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ስልኬ ላይ ካየሁት ሥዕል ጋር አይመሳሰልም።» እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ሥዕል የነጭ ሰው ቆዳ ነው፤ ሽፍታውም ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች እንዴት እንደሚመለከቱ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከተጠራጠሩ በኋላ በዚህ ከተማ ወዴት እንደሚሄዱ ያሳያሉ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዙልኝ፦ ቆዳዎን የሚያዩት ለመጠርጠር ነው። ቂጥኝ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

«ይህ የድሮ በሽታ ነው» ብለው እንዳያልፉት። ጀርመን ውስጥ በ2023 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከ9,000 በላይ ሰዎች በምርመራ ተገኝቶባቸዋል፤ እንደ ፍራንክፈርት ባሉ ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ከሌላው ቦታ ይልቅ በብዛት ይገኛል። ከታመሙት አብዛኞቹ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችም ባለትዳሮችም ግን ይያዛሉ። ሐኪሙ ስለ ግንኙነትዎ ሲጠይቅዎ ሊዳኝዎ አይደለም፤ የትኛውን የሰውነት ክፍል መመርመር እንዳለበት ማወቅ ስላለበት ነው።

ደረጃ 1፦ ቀን ይቁጠሩ

ወረቀትና ቀን መቁጠሪያ ይያዙ። ከሽፍታው በፊት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሁለት ነገሮችን ይጻፉ፦ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረጉበትን ጊዜ (በአፍ የተደረገውንም ጨምሮ) እና ከዚያ ወዲህ በብልት፣ በፊንጢጣ፣ በከንፈር ወይም በአፍ ውስጥ ቁስል ወጥቶብዎ እንደሆነ።

ቀኑ የሚያስፈልገው በሽታው የራሱ የጊዜ ሰሌዳ ስላለው ነው። ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ፣ በገባበት ቦታ አንድ ቁስል ያወጣል። ጠርዙ ጠንከር ያለ ነው፤ በአብዛኛው አያምም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በራሱ ይድናል። ሽፍታው የሚመጣው ቁስሉ ከታየ ከ4 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዴም ቁስሉ ሳይድን ይደርሳል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «ቁስል አልነበረብኝም፤ ስለዚህ አይደለም» ማለት ነው። ቁስሉ በማህፀን በር፣ በፊንጢጣ ውስጥ ወይም በጉሮሮ ሊወጣ ይችላል። የማያምና የማይታይ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። አይቼ አላውቅም ካሉ «አላየሁም» ብለው ይጻፉ፤ «አልነበረም» ብለው አይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑን ያዘጋጁ

የሚያስፈልግዎ መስኮት፣ ትልቅ መስታወት፣ የእጅ መስታወትና ስልክ ነው። እዚህ ከተማ ብዙ አፓርታማ ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም፤ የአምፖሉ ብርሃንም ቢጫ ነው። በቢጫ ብርሃን ሥር በጥቁር ወይም በጠይም ቆዳ ላይ ያለ ደብዛዛ ሽፍታ አይለይም። ስለዚህ በእረፍት ቀንዎ እኩለ ቀን አካባቢ በመስኮት አጠገብ ይቁሙ። በክረምት ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሰው ለማየት ቢሞክሩ ብርሃኑ አይጠብቅዎትም።

ቅባት፣ ቅቤና ሎሽን ከመቀባትዎ በፊት ይመልከቱ፤ ቅባት ቅርፊቱን ይደብቃል። ስልክዎ ላይ ፊት የሚያሳምረውን ማጣሪያ ያጥፉ፤ ፍላሹንም አይጠቀሙ። ፎቶ ሲያነሱ አጠገቡ ሳንቲም ያኑሩ፤ ሐኪሙ መጠኑን ያውቅበታል። ፎቶው የሚጠቅመው ሌላም ምክንያት አለ፦ ቀጠሮ እስኪደርስ ሽፍታው ሊጠፋ ይችላል። ፎቶውን ለሐኪሙ ያስቀምጡት፤ «ይህ ምንድነው?» ብለው በቴሌግራም ለዘመድ አይላኩት።

ደረጃ 3፦ መዳፍዎንና ውስጥ እግርዎን ይመርምሩ

ከዚህ ይጀምሩ። ብዙ ሽፍታ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ አይወጣም፤ ቂጥኝ ግን ይወጣል። መዳፍዎን ዘርግተው ወደ መስኮቱ ያቅርቡ። የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ ከምስር ፍሬ እስከ አተር ክክ የሚያህል ክብ ነጠብጣብ፤ ቀለሙ ጥቁር ቡኒ፣ የመዳብ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። በጣት ሲዳስሱት ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው። ጠጋ ብለው ካዩት ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ቅርፊት ሊኖረው ይችላል፤ የሽንኩርት ልጣጭ ጠርዝ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጅ ላይ ይኖራል። ቀጥሎ ይቀመጡና ውስጥ እግርዎን፣ በተለይ ወደ መሃል ጎድጎድ ያለውን ክፍል ይመልከቱ። እዚያ ያለውን ብዙ ሰው የእግር ፈንገስ ወይም የጫማ ጭረት ነው ብሎ ያልፈዋል።

አሁን በጣም የሚያደናግረውን ልንገርዎ። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች መዳፋቸው መስመሮች ላይና ውስጥ እግራቸው ላይ የተፈጥሮ ጥቁር ነጥብ አላቸው። ይህ በሽታ አይደለም። ልዩነቱ አዲስነቱ ነው። የተፈጥሮው ለዓመታት እዚያው ነበረ፣ ቅርፊት የለውም፣ አይጨምርም። የበሽታው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የመጣ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ ያለፈው ዓመት የሠርግ ወይም የጥምቀት ፎቶዎ ላይ እጅዎን ይፈልጉ፤ ሴቶች እንሶስላ ወይም ሂና ከመቀባታቸው በፊት የተነሡት ፎቶ ይጠቅማል።

መዳፍ ላይ ምንም አለመኖሩ ግን ነጻ አያወጣዎትም። ብዙ ሕሙማን ላይ መዳፍ ንጹሕ ሆኖ ሽፍታው ሌላ ቦታ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ገላዎን፣ ፊትዎንና ጸጉርዎን ይመልከቱ

ልብስዎን አውልቀው ከፊትም ከኋላም ይዩ፤ ጀርባዎን በሁለት መስታወት። ሽፍታው ብዙ ጊዜ በደረት፣ በሆድ፣ በጎንና በጀርባ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ክንድና ወደ እግር ይወርዳል። ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋና ደብዛዛ ስለሆነ በጠይም ቆዳ ላይ ከጎን ብርሃን ካልመታው አይታይም። ቀስ እያለ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ጫፉ ይነሣል፤ በላዩ ቅርፊት ይይዛል።

መልኩ አንድ አይደለም። አንዱ ላይ ብጉር ይመስላል፤ ሌላው ላይ ጭርት፤ ሌላው ላይ የመድኃኒት አለርጂ። ሐኪሞች ቂጥኝን «ትልቁ አስመሳይ» የሚሉት ስለዚህ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ መልክ አለ፦ በፊት ላይ፣ በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ፣ በአገጭ ላይ የሚወጣ ቀለበት። ዙሪያው ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ ነው፤ ሳንቲም ተጭኖበት የተነሣ ይመስላል። ጭርት ነው ተብሎ ለሳምንታት የፈንገስ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ምንም ለውጥ ካላመጣ እንደገና ያስቡ።

በአፍንጫ ክንፍና በጉንጭ መካከል፣ በከንፈር ጥግ ላይ ደግሞ መሃሉ የተሰነጠቀ ትንሽ እብጠት ሊኖር ይችላል። ብዙዎቻችን «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ የምናሸትበት ቦታ ነው። ምች ያልነው ነገር በ10 ቀን ውስጥ ካልጠፋ፣ ወይም አብሮት ሽፍታ ካለ፣ ምች ብሎ መተው አያዋጣም።

ጸጉርን አይዝለሉ። ራስዎን ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሥተው ያስፉት፤ ሹሩባ ከሆነ ፈትተው ይዩ። በዚህ በሽታ ጸጉር እዚህም እዚያም በትንንሹ ይሳሳል፤ ብል የበላው ጋቢ ይመስላል። ላሽ አንድ ወይም ሁለት ክብ፣ ልሙጥና ጥርት ያለ ቦታ ሲያወጣ፣ የቂጥኙ ግን ጠርዙ ያልለየ ብዙ ሳሳ ያለ ቦታ ነው። ቅንድብም ወደ ጆሮ በኩል ያለው ጫፉ ሊረግፍ ይችላል። ከታከመ ጸጉሩ ይመለሳል።

ማሳከክን በሚመለከት፦ በአብዛኛው አያሳክክም፤ ይህም ትልቅ ፍንጭ ነው። ነገር ግን ጥቁር ቆዳ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ያሳክካቸዋል። ስለዚህ «ያሳክከኛል፤ ቂጥኝ ሊሆን አይችልም» ብለው አይደምድሙ።

ደረጃ 5፦ እርጥብ ቦታዎችን ይዩ

ይህ ደረጃ ለራስዎ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀርብዎ ሰውም ነው። ደረቁ ሽፍታ እምብዛም አያስተላልፍም። እርጥቡ ግን በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

እጅዎን ታጥበው፣ አፍዎን ከፍተው፣ በስልክ መብራት ምላስዎን፣ ከምላስ ሥር፣ የጉንጭን ውስጥ፣ ላንቃንና ቶንሲልን ይመልከቱ። የሚፈልጉት ግራጫ ነጭ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ፣ ጠፍጣፋ ምልክት ነው። አንዳንዴ ብዙዎቹ ተያይዘው ቀንድ አውጣ የሄደበት መንገድ ይመስላሉ። ምላስ ላይ ደግሞ ልሙጥ፣ ከሌላው የተለየ ቦታ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ቢያምም ጉሮሮ ሲታመም የሚሰማው ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ብልት፣ የጭን ስንጥቅ፣ በፊንጢጣ ዙሪያ፣ ከጡት ሥር፣ ብብትና በእግር ጣቶች መካከል። እዚህ የሚወጣው ጠፍጣፋ፣ ሰፋ ያለ፣ እርጥብ፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ እብጠት ነው። ሽታ ሊኖረው ይችላል። በእጅ አይፈትጉት፤ ከነኩት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

አንድ ቃል እዚህ ብዙ ያበላሻል፤ «ኪንታሮት» ነው። በአማርኛ ኪንታሮት የምንለው በፊንጢጣ የሚያብጠውን የደም ሥርም፣ በቆዳ ላይ የሚወጣውን ኪንታሮትም ነው። አንድ ወንድም «ኪንታሮት ይዞኛል» ሲል ያስተረጎመለት ሰው ለጀርመኑ ሐኪም የደም ሥር እብጠት ብሎ ነገረው። ሳያዩት ቅባት ታዘዘለት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያየው የነበረበት እርጥቡ የቂጥኝ እብጠት ነበር። ስለዚህ የበሽታውን ስም ለሐኪሙ አይስጡ፤ ያለበትን ቦታና የሚያዩትን ይናገሩ፦ «በፊንጢጣዬ ዙሪያ እርጥብ እብጠት አለ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ።» ከዚያም እንዲያይልዎ ይጠይቁ።

ንፍፊትንም ይዳስሱ። በአንገት፣ በብብት፣ በጉያና በክርን ውስጠኛ ጎን ከቆዳ ሥር ጠንከር ያለ የማያም እብጠት ካለ ከሽፍታው ጋር አብሮ ይጻፉት። ትኩሳት፣ ድካም፣ ራስ ምታትና ክብደት መቀነስም አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው እንደ ጉንፋን ያልፋቸዋል።

ደረጃ 6፦ ከሚመስሉት ጋር ያነጻጽሩ

ለራስዎ ምርመራ እንዲሰጡ አይደለም፤ ለሐኪሙ የሚነግሩትን እንዲያውቁ ነው።

እከክ በሌሊት በጣም ያሳክካል፤ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ይበዛል፤ የቤተሰብ አባላትም አብረው ያካሉ። ጭርት ጥቂት ቀለበት ነው፤ በፈንገስ ቅባት ይሻላል። ጀርመኖች «ሮዝ ቅርፊት» ብለው የሚጠሩት ሽፍታ ደግሞ በአንድ ትልቅ ሞላላ ምልክት ይጀምራል፤ ከሳምንት በኋላ ትንንሾቹ በጀርባ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰድረው ይወጣሉ፤ መዳፍን አይነካም ማለት ይቻላል። ከቂጥኝ ጋር በጣም የሚምታታው ይህ ነው። ሐኪም ይህን ስም ሲሰጥዎ «የቂጥኝ ደም ምርመራም ይሠራልኝ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ጥሩ ሐኪም ራሱ ያዛል።

ልጆቻቸውን ኪታ (መዋዕለ ሕፃናት) የሚልኩ ወላጆች ሌላም የሚያስቡት አላቸው። የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ የሚባለው የልጆች ቫይረስ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በአፍ ይወጣል፤ ወላጅም ይይዘዋል። ይህኛው ውኃ የቋጠረና የሚያም ነው፤ ልጁም ያኔ ታሞ ነበር። አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ የመጣ ሽፍታም አለ፤ ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከአገር ቤት የተላከልዎትንም ጭምር፣ ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ከሐኪም በፊት አይቀቡ፣ አይዋጡ

ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችና የቆዳ ማቅያ ክሬሞች የሽፍታውን መልክ ይለውጣሉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ ተደብቋል።

ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁለት ሦስት ቀን ውጠው ሽፍታው ቢጠፋ በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ ማንም አያውቅም፤ በሽታውም ተደብቆ ይቀጥላል። የቂጥኝ ሕክምና የሚወሰነው በሳጥን ላይ ባለው ስም ሳይሆን በሽታው በደረሰበት ደረጃ ነው። ጠበልን በተመለከተ እምነትዎን አልነካም፤ መርፌውን ግን ከጠበሉ በኋላ ብለው አያስተላልፉት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ተመርምረው እስኪታከሙና ሽፍታው ወይም ቁስሉ እስኪድን ድረስ ከግንኙነት ይታቀቡ፤ አፍ ውስጥ ምልክት ካለ ከመሳሳምም ጭምር። ኮንዶም ያልሸፈነው ቁስል ያስተላልፋል። በሌላ በኩል ቤተሰብዎን ያለ ምክንያት አያስጨንቁ። ባክቴሪያው ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም። በአንድ ትሪ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት፣ በሽንት ቤት መቀመጫ ይተላለፋል ብለው ሰሃን አይለዩ።

ደረጃ 8፦ በፍራንክፈርት ወዴት እንደሚሄዱ

አራት በር አለ። እንደ ሁኔታዎ ይምረጡ።

የጤና መድን ካርድ ካለዎት የቤተሰብ ሐኪምዎ፣ ሃውስአርትስት፣ ደሙን ሊወስድ ይችላል። ካፈሩ ደግሞ ቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይችላሉ። የጀርመን ቆዳ ሐኪም፣ ሃውትአርትስት፣ ሙሉ ማዕረጉ «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ሐኪም» ነው፤ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። ስለዚህ ሌላ የተለየ ሐኪም ቤት መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የሚያይዎ ሰውም ለምን እንደመጡ አያውቅም። ምልክት እያለብዎት የሚሠራ ምርመራ በመድኑ ይሸፈናል። ቴርሚን (ቀጠሮ) ለማግኘት ሦስት ወር ቢሉዎት 116117 ይደውሉ፤ የቀጠሮ አገልግሎት አለው። ሲደውሉ «ሽፍታ» ብቻ አይበሉ፤ በመዳፍ ላይ የወጣ ሽፍታ መሆኑንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገሩ። በጀርመንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ኢሽ ሞሽተ አይነን ዚፊሊስ ቴስት» (የቂጥኝ ምርመራ እፈልጋለሁ)።

ስምዎን መናገር የማይፈልጉ ከሆነ ወደ ከተማው ጤና ቢሮ፣ ገዙንድሃይትስአምት፣ ይሂዱ። ብራይተ ጋሰ 28 ነው፤ ከኮንስታብለርቫኸ ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ። በጀርመን የተላላፊ በሽታዎች ሕግ አንቀጽ 19 መሠረት የጤና ቢሮዎች ስለ አባላዘር በሽታዎች ምክርና ምርመራ ይሰጣሉ፤ ስም ሳይጠየቁም መሆን ይችላል። ሰዓቱን አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ።

መድን የሌለዎት፣ ወረቀትዎ ያልተስተካከለ ከሆነም በዚያው ሕንፃ መድን ለሌላቸው የሚሰጥ የሰብዓዊ ሕክምና ሰዓት አለ። ጥገኝነት የጠየቁ ከሆነ ሕክምናዎን የሚሸፍነውን ወረቀት ከሶሻልአምት (ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ) ይጠይቁ፤ ስለ ምንነቱ ግን ለሶሻልአምት ሠራተኛ ማብራራት የለብዎትም። «የቆዳ ሕመም» ይበቃል።

አራተኛው በር ለአስቸኳይ ነው። ሽፍታው ካለ እና ዓይንዎ ከደበዘዘ ወይም ካመመዎ፣ ጆሮዎ ድንገት መስማት ከቀነሰ፣ ራስ ምታቱ ከአንገት መደደር ጋር ከመጣ፣ ፊትዎ በአንድ ጎን ከተዛባ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ባክቴሪያው ዓይንና ነርቭ ውስጥ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ደረጃም ይገባል። ቴዎዶር ሽቴርን ካይ 7 ላይ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚያው ቀን ይሂዱ፤ መሄድ ካልቻሉ 112 ይደውሉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑም በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ። ቂጥኝ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ፅንሱንም ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ያድነዋል። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የሚሠራው የቂጥኝ ምርመራ መሠራቱ ብቻ በእናቶች ደብተር ይጻፋል፤ ውጤቱ አይጻፍም። ስለዚህ ደብተሩን ያየ ዘመድ ምንም አያውቅም። ምርመራው ከተሠራ በኋላ የወጣ ሽፍታ ካለ ደግሞ የድሮው ውጤት አያረጋግጥልዎትም፤ ድጋሚ ይሠራልኝ ይበሉ።

አስተርጓሚን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፦ ልጅዎን ይዘው አይሂዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አባቱን ስለ ግንኙነቱ ሲጠይቅ፣ አባትም ሲዋሽ፣ ሐኪሙም በውሸቱ ላይ ሲወስን አይቻለሁ። ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ይናገሩ። ሐኪሙም ሠራተኞቹም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 203 ምስጢር ያወጣ ሐኪም ይቀጣል። ቤተ ሙከራው ለአገሪቱ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም የሚያሳውቀውም ያለ ስምዎ ነው።

ደረጃ 9፦ ደሙ፣ መርፌውና የመጀመሪያው ሌሊት

የሚወሰደው ከክንድ ደም ነው። በወረቀቱ ላይ «ቂጥኝ» በሁለት ስም ሊጻፍ ይችላል፦ ሲፊሊስ ወይም ሉዌስ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ምርመራውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ቲፒፒኤ የመሰለው፣ በሽታው መቼም ቢሆን ይዞዎት እንደሆነ ይናገራል፤ አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሁለተኛው፣ አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል፣ አሁን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ በቁጥር ያሳያል። ሽፍታ በወጣበት ጊዜ ሁለቱም ፖዘቲቭ መሆናቸው የተለመደ ነው። በዚያው ደም ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ እንዲሁም ጨብጥና ክላሚዲያ በሽንት ወይም በናሙና እንዲታዩልዎ ይጠይቁ፤ አብረው ይሄዳሉና።

ሕክምናው ቀላል ነው። በዚህ ደረጃ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ዳሌ ይወጋል። ያምማል፤ ለጥቂት ቀናት መቀመጥ ይከብዳል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ሊታዘዝልዎ ይችላል። እሱን ከጀመሩ በአምስተኛው ቀን ሽፍታው ጠፋ ብለው አያቁሙ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አስቀድመው ያውቋት። መርፌው በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርድ ብርድ ሊልዎ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ሊመጣ፣ ሽፍታውም ሊብስ ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ እንጂ አለርጂ አይደለም። ስሙ «ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ» ይባላል፤ ሁለተኛው ስም እዚሁ ፍራንክፈርት የነበረው የቆዳ ሐኪም የካርል ሄርክስሃይመር ነው። ይህን ሳያውቁ «መርፌው መረዘኝ» ብለው ለቁጥጥር ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች አሉ። በቀጣዩ ቀን እረፍት እንዲኖርዎት ቀጠሮውን ያስተካክሉ፤ ለአሠሪ የሚደርሰው የሕመም ፈቃድ መረጃ የበሽታውን ስም አይዝም። መተንፈስ ከከበደዎ፣ ከንፈርዎ ካበጠ ግን ያ አለርጂ ነው፤ 112 ይደውሉ። ነፍሰ ጡር ሆነው የማህፀን መኮማተር ከተሰማዎትም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 10፦ ሌላውን ሰው ይንገሩ፣ ቁጥሩን ይከታተሉ

በደረጃ 1 የጻፉት ወረቀት አሁን ይጠቅምዎታል። ቢያንስ ያለፉት 6 ወራት የግንኙነት ጓደኞች መመርመር አለባቸው፤ ሐኪሙ ከዚያ በፊት ያለውንም ሊጠይቅ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ለትዳር ጓደኛ መንገር ነው። ቀለል የሚያደርግ ቃል የለኝም። ነገር ግን እሷ ወይም እሱ ሳይታከሙ እርስዎ ብቻ ቢታከሙ፣ መልሰው ሊያዙ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ የሚነገረው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ለብቻ መንገር ካቃተዎ ከሐኪሙ ፊት አብረው ተቀምጠው ይንገሩ፤ ይህን የሚያመቻቹ ሐኪሞች አሉ። «ማን አመጣው» የሚለውን የደም ምርመራ አይመልስም፤ በዚያ ላይ አትከራከሩ።

ሽፍታው በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ጥቁር ጥላው ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የቀለም ጠባሳ እንጂ በሽታው መመለሱ አይደለም። መመለሱን የሚናገረው ቁጥሩ ነው። በ3፣ በ6ና በ12 ወር ደሙ እንደገና ይወሰዳል፤ የአርፒአሩ ቁጥር በአራት እጥፍ መውረዱ ይጠበቃል። ለምሳሌ 1፡64 የነበረው ወደ 1፡16 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ሕክምናው እየሠራ ነው። በአራት እጥፍ ከወጣ ዳግም ተይዘዋል ወይም ሕክምናው አልሠራም። ከዳኑም በኋላ ዳግም ሊይዝዎት ይችላል፤ ሰውነት መከላከያ አያስቀርም።

እያንዳንዱን የውጤት ወረቀት ቅጂ ይጠይቁና አንድ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከመርፌው ቀንና መጠን ጋር። ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄዱ፣ ቢያረግዙ፣ አዲስ አበባ ሄደው ቢመረመሩ የመጀመሪያው ዓይነት ምርመራ፣ ቲፒፒኤው፣ በአብዛኛው አሁንም ፖዘቲቭ ይላል። ሐኪሙም እንደ አዲስ በሽተኛ ሊያክምዎ ይነሣል። ያኔ ፖስታውን ያውጡና የመጨረሻውን ቁጥር ያሳዩት።